ቀድሞ የትኛው በር? በመሀል አዲስ አበባ ከአስገድዶ መድፈር በኋላ ያሉት ሰዓታትና ወረቀቶች

አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሴት ስትደፈር ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የምትደውለው ለፖሊስ አይደለም። ለእኅቷ፣ ለደባሏ፣ አብራት ለምትሠራ ልጅ ነው። ስልኩ የደረሰው ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይላል፦ «ተረጋጊ፣ ታጠቢና ልብስሽን ቀይሪ» ወይም «ተነሺ፣ አሁኑኑ ጣቢያ እንሂድ»። ሁለቱም በቅን ልብ የሚባሉ ናቸው። የመጀመሪያው ግን ማስረጃ ያጥባል፣ ሁለተኛው ሰዓት ይበላል። ይህ ጽሑፍ ከተጎጂዋ ይልቅ ስልኩ ለሚደርሰው ሰው የተጻፈ ነው፤ በዚያች ሌሊት ማሰብ የሚችለው እሱ ነውና።

መሀል ከተማው ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገውን ሁሉ በአጭር ርቀት ይዟል። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ከስታዲየምና ከብሔራዊ ቴአትር ብዙ አይርቅም፤ የልደታ ፍርድ ቤትም ከዚያ በታክሲ ቅርብ ነው። ሆኖም ብዙ መዝገብ ዳኛ ፊት ሳይደርስ ይከስማል። የሚከስመውም ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው በሚደረገው መመላለስ መሀል ነው። «ደብዳቤ አምጪ»፣ «ክልሉ የኛ አይደለም»፣ «ሰኞ ተመለሺ» የሚሉት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ከየትኛውም ጠበቃ በላይ ተከሳሽን ያገለግላሉ። ስለዚህ የበሮቹን ቅደም ተከተል ማወቅ የጉዳዩ ግማሽ ነው።

ከጣቢያ በፊት ሆስፒታል

ፖሊስ ጣቢያው ነገ ጠዋትም እዚያው ይገኛል፤ የኤችአይቪ መከላከያው ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ጤና ባለሙያዎች ፔፕ የሚሉት ይህ መድኃኒት ድርጊቱ ከተፈጸመ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ሰባ ሁለት ሰዓት ማለት ግን «ሦስት ቀን አለን» ማለት አይደለም፤ በሦስተኛው ሰዓት የተጀመረው በሰባኛው ከተጀመረው እጅግ ይሻላል። ከዚያ ለ28 ቀናት ሳይቋረጥ ይወሰዳል።

ነገሩ የሚበላሸውም እዚሁ ነው። አንዳንዷ ሲያቅለሸልሻት ትተወዋለች፤ ያኔ ከምግብ ጋር ወይም ወደ መኝታ ሲሉ መዋጥና ካልተሻለ ወደ ሰጣት ክፍል ተመልሳ መንገር ይገባል፣ በራስ ማቆም አይገባም። ሌላዋ ደግሞ የምትተወው በዕቃው ምክንያት ነው። የጋራ ክፍል ውስጥ የምትኖር ልጅ ደባሎቿ የመድኃኒቱን ስም አንብበው ሌላ ነገር እንዳይጠረጥሩ ፈርታ ትጥለዋለች። መድኃኒት ቤቱ ስም በሌለው ዕቃ እንዲገለብጥላት መጠየቅ ትችላለች። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ሃያ ስምንቱን ቀን የምታስጨርሰው ግን እንዲህ ያለች ነገር ናት።

በመጀመሪያው ቀን የሚደረገው የኤችአይቪ ምርመራ የሚናገረው ከድርጊቱ በፊት የነበረውን ነው። ቤተሰብ «ነፃ ነሽ ተብለሻል» ብሎ መድኃኒቱን ሲያስቆም ይታያል፤ ትልቅ ስሕተት ነው። ምርመራው በስድስተኛው ሳምንትና በሦስተኛው ወር ይደገማል።

ለእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ክኒኑ በቶሎ ሲወሰድ ነው በደንብ የሚሠራው። ሆስፒታል ሳይደረስ ከዘገየ ፋርማሲዎች ፖስት ፒል ይሸጣሉ። ክኒኑ በተዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ይደገማል። አምስተኛው ቀን እየተቃረበ ከሆነ በማሕፀን የሚቀመጠው መከላከያ የተሻለ አማራጭ ስለሆነ ሐኪሙን ስለእሱ መጠየቅ ነው። በዚያው ጉብኝት ለአባላዘር በሽታዎች አንቲባዮቲክ፣ የጉበት ቫይረስ ክትባት፣ ቁስል ካለም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይሰጣል። ሐኪሙ ከእነዚህ አንዱን ሳያነሣ ካለፈ አብሯት ያለው ሰው ያንሣው፤ ሌሊት ተራ ላይ ያለ ሰው ሊረሳ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይቀድማል። አንገቷን አንቆ ከሆነ፣ ድምፅዋ ከሻከረ፣ ለመዋጥ ከከበዳት፣ ራሷን ከሳተች ወይም ደሙ አልቆም ካለ ስለማስረጃም ስለቢሮም ሳይታሰብ በቅርብ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ ጥቁር አንበሳም ይሁን ዘውዲቱ ወይም ምኒልክ። የመታነቅ ጉዳት ቆዳ ላይ ምልክት ሳይተው ከሰዓታት በኋላ የአየር መንገድን ሊዘጋ ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

«ደብዳቤ አምጪ» ሲባል

የመንግሥት ሆስፒታል መስኮት ላይ «የፖሊስ ደብዳቤ ይዘሻል?» የሚል ጥያቄ የተለመደ ነው። ብዙዎች ይህን ሰምተው ይመለሳሉ፤ ጣቢያ ሄደው ያድራሉ፤ ሲመለሱ ሰዓቱ አልፏል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል። ደብዳቤው የሚያስፈልገው ለሕክምና ማስረጃው ነው፣ ማለትም ሐኪሙ ለመርማሪውና ለፍርድ ቤቱ ለሚጽፈው ወረቀት። ሕክምናው ራሱ ደብዳቤ አይጠብቅም። ስለዚህ መስኮቱ ላይ የሚባለው ነገር አጭር ነው፦ «ሕክምናውን አሁን ስጡን፣ ያገኛችሁትን ሁሉ ካርዷ ላይ ጻፉት፣ ደብዳቤው ሲመጣ ማስረጃውን ከካርዱ ታወጣላችሁ።» ካርዱ ላይ በዚያች ሌሊት የተጻፈ ነገር ከሳምንት በኋላም ማስረጃ ይሆናል፤ ያልተጻፈ ግን በምንም ደብዳቤ አይመለስም።

ይህን ሁሉ ምልልስ ለማስቀረት የተቋቋመው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ነው። በአገሪቱ የመጀመሪያው የተከፈተው በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሲሆን መነሻ ሐሳቡ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቱቱዜላ ከሚባሉት ማዕከላት የተወሰደ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም ተመሳሳይ ማዕከል አለ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ መርማሪ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ ይቀመጣሉ። ተጎጂዋ አትዞርም፣ እነሱ ይመጡላታል። አገልግሎቱ በነፃ ነው። ታሪኳን አምስት ቦታ አምስት ጊዜ እንዳትናገርም ያደርጋል። ይህ ለእሷ ዕረፍት ነው፤ ለመዝገቡ ደግሞ ጥንካሬ ነው፣ አምስት ቦታ የተነገረ ታሪክ አምስት ዓይነት ሆኖ ይጻፋልና።

ማዕከሉ ሲባል ግን ተአምር አይጠበቅ። ሌሊትና በበዓል ቀን በር ላይ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የሕክምናው ክፍል ነው፤ ዐቃቤ ሕጉና መርማሪው የሥራ ሰዓት ሰዎች ናቸው። ቅዳሜ ማታ የደረሰ ሰው ሕክምናውን በዚያች ሌሊት ይውሰድና ቃል ለመስጠት ሰኞ ጠዋት ይመለስ፤ ይህ ምንም አያበላሽም። ከአዲስ አበባ ውጭ የመጣች፣ መታወቂያ የሌላት ወይም ማን እንዳደረገባት ለመናገር ገና ያልወሰነችም ብትሆን ከሕክምናው አትከለከልም። አንድ ምክር እንጨምር፤ ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ከተነሡ ወዲህ «ከእንትን ሕንፃ ፊት ለፊት» የሚለው የድሮ አቅጣጫ ሰውን ያስታል። ለታክሲው የሆስፒታሉን ስም መንገር ይሻላል፤ ግቢ ውስጥ ሲገቡም ጮክ ብሎ ጉዳዩን መናገር ሳያስፈልግ «የአንድ ማዕከል አገልግሎት የት ነው?» ማለት ይበቃል።

ካኪ ፖስታ እንጂ ፌስታል አይሁን

ከተቻለ ምርመራ እስኪደረግ ድረስ አለመታጠብ፣ አለመጉመጥመጥ፣ ሽንት ቤት ከተገባም በውኃ አለማጽዳት። ታጥባ ከሆነስ? ትሂድ። ታጠብሁ ብላ የምትቀር ሴት ከታጠበችው በላይ ታጣለች፤ የቆዳ ጉዳት፣ የጥፍር ምልክት፣ የተቀደደ ልብስ፣ የሐኪሙ ምልከታ ሁሉ አሁንም አለ። ከቀናት በኋላም ቢሆን መሄዱ ዋጋ አለው።

ልብሱ እንዳለ ይውለቅ፣ አይታጠብ፣ አይራገፍ። እያንዳንዱ ልብስ ለየብቻው በካኪ ፖስታ ወይም በወረቀት ከረጢት ይግባ፤ ከጠፋ በንጹሕ ጋዜጣ ይጠቅለል። ፌስታል ውስጥ ከገባ እርጥበቱ ታፍኖ ይሻግታል፤ ላብራቶሪ ሊያገኘው የሚችለውን ነገር ሻጋታው ይበላዋል። እርጥብ ከሆነ ፀሐይ ሳይነካው ጥላ ላይ ይናፈስ። ለፖሊስ ሲሰጥም ምን እንደተሰጠ ተዘርዝሮ እንዲመዘገብ መጠየቅ ነው፤ «አንድ ቀሚስ፣ አንድ ፓንት» ተብሎ በቁጥር።

መጠጥ ውስጥ የሆነ ነገር ተጨምሮባታል ብላ ከጠረጠረች ይህን ለሐኪሙ መጀመሪያ ትንገር። ሽንትና ደም ውስጥ የሚገኘው ምልክት በሰዓታት፣ ቢበዛ በጥቂት ቀናት ይጠፋል።

ስልክ ደግሞ የዘመኑ ትልቁ ምስክር ነው። ቴሌግራም ላይ የተጻጻፉትን ሌላኛው ወገን ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል፤ ስለዚህ ስሙ፣ ቁጥሩና ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ ስክሪንሾት ይነሣ፣ ለታመነ ሰውም ይላክ። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ጠጥቼ ነው» የሚል መልእክት ብዙ ሰው አንብቦ በንዴት የሚያጠፋው ነገር ነው፤ ለዐቃቤ ሕግ ግን ከወርቅ ይበልጣል። ራይድ ወይም ፈረስ በሚባሉት የታክሲ መተግበሪያዎች ተጓጉዛ ከሆነ ጉዞው መተግበሪያው ላይ ተመዝግቧል። ፔንሲዮን ከሆነ የእንግዳ መዝገብ አለ፤ ኮንዶሚኒየም ከሆነ የጥበቃ ሠራተኞች አሉ። የሕንፃ ካሜራ ግን አሮጌውን ምስል በአዲስ እየተካ ይሄዳል፤ በቀናት ውስጥ ካልተጠየቀ የለም። ባለቤቱ ለግለሰብ ላይሰጥ ስለሚችል መርማሪው በደብዳቤ እንዲጠይቅ በመጀመሪያው ቀን ማሳሰብ ያስፈልጋል። ከካሜራው ፊት ቆሞ ከጥበቃ ጋር መጨቃጨቅ ትርፉ ምስሉ ቶሎ እንዲጠፋ ማድረግ ነው።

ቃል አሰጣጥ፣ ሁለት ሰዓትና ሁለት ዘመን አቆጣጠር

ጉዳዩ የሚመዘገበው ድርጊቱ በተፈጸመበት አካባቢ ጣቢያ ነው። እዚህ ላይ የድንበር ክርክር ይነሣል፤ ሜክሲኮ አካባቢ የተፈጸመው የቂርቆስ ነው ወይስ የልደታ? ተጎጂዋ መመላለስ የለባትም። ጣቢያው አልቀበልም ካለ የክፍለ ከተማው ፖሊስ መምሪያ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍል አለ፤ በአንድ ማዕከል በኩል የገባ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ክርክር አብዛኛውን ያመልጣል። አስቸኳይ ሲሆን ፖሊስ በ991 ይጠራል። በሴት መርማሪ ቃል መስጠት ከፈለገች ትጠይቅ፤ አማርኛ የማይቀናት ከሆነም አስተርጓሚ ትጠይቅ። በሚያንገዳግድ አማርኛ የተሰጠ ቃል ችሎት ላይ በተከሳሽ ጠበቃ አንድ በአንድ ይመነዘራል።

ከልምድ የምናውቀው አንድ ወጥመድ አለ። የሆስፒታል ካርድ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ቀኑ አንዳንዴ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሰዓቱም እንደዚያው። የፖሊስ ቃል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። አንዲት ሴት «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ስትል ሐኪሙ 2 ሰዓት ብሎ ይጽፋል፤ ወይም ደግሞ ጭራሽ 8 ብሎ ይጽፍና ጠዋት ይሆናል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የተፈጸመው በአንዱ ወረቀት «ዓርብ ሌሊት»፣ በሌላው «ቅዳሜ» ተብሎ ይገኛል። ከወራት በኋላ ይህ «የምስክሯ ቃል እርስ በርሱ ይጋጫል» ይባላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቃሏ ሲነበብላት ቀኑም ሰዓቱም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ማየትና የሕክምና ማስረጃው ሲወጣ አብሮ ማመሳከር። ያላስታወሰችውን ሰዓት ግምት አትስጥበት። «አላስታውስም» የሚል ቃል አይጋጭም፣ ግምት ግን ይጋጫል። ቃሉን ሳታነብ ወይም ሳይነበብላት አትፈርም።

የሕክምና ማስረጃው ላይ «የሚታይ ጉዳት አልተገኘም» የሚል ሲመጣ ቤተሰብ ተስፋ ይቆርጣል። መቁረጥ የለበትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 የሚጠይቀው ድርጊቱ በኃይል፣ በከባድ ዛቻ ወይም ራሷን እንድትስት ወይም መከላከል እንዳትችል በማድረግ መፈጸሙን ነው። የአካል ጉዳት ምልክት ይኑር አይልም፤ ስለ ድንግልናም አንድ ቃል የለበትም። ፈርታ የደነዘዘች ሴት ሰውነት ላይ ምልክት አይኖርም። ስለዚህም ዛቻው ምን እንደነበር፣ በምን ቃል እንደተነገራት፣ ቢላ ይዞ እንደነበር፣ በሩን ቆልፎ እንደነበር ቃሏ ውስጥ በዝርዝር መግባት አለበት። ይህ ካልገባ፣ በተለይ ወንዱ አሠሪዋ ሲሆን፣ ጉዳዩ ወደ አንቀጽ 625 ይንሸራተታል፤ እሱ ጥገኝነትን መጠቀሚያ ስለማድረግ የሚናገር፣ በቀላል እስራት የሚያስቀጣ ድንጋጌ ነው። በአንቀጽ 620 መሠረታዊው ቅጣት ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ተጎጂዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለች ከሆነች፣ ወይም በቡድን ወይም በጭካኔ ከተፈጸመ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ወይም ሞት ካስከተለ ዕድሜ ልክ ነው። ከ13 ዓመት በታች በሆነች ሕፃን ላይ የተፈጸመውን አንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ይቀጣል። ወንድ ልጆችም ከሕጉ ውጭ አይደሉም፤ በእነሱ ላይ የሚፈጸመውን አንቀጽ 631 ይመለከተዋል፣ ሕክምናውም ያው ነው።

አንቀጽ 620 «ከጋብቻ ውጭ» ይላል። ባል በሚስቱ ላይ ሲፈጽመው በዚህ አንቀጽ አይከሰስም። ይህ የሕጉ ትልቅ ቀዳዳ ነው፤ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ለዓመታት ተከራክረውበታል። ያም ቢሆን የትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን አንቀጽ 564 ያስቀጣል፤ ስለዚህ ያገባች ሴት ስትመጣ ድብደባው፣ ዛቻው፣ ጉዳቱ ሁሉ ተለይቶ ይጻፍ።

ሽማግሌ ሲመጣ

ተጠርጣሪው እንደተያዘ፣ ብዙ ጊዜም በማግስቱ፣ ሽማግሌ ይመጣል። ገንዘብ ይቀርባል፣ «የልጆች አባት ነው»፣ «ስሟ ይጠፋል»፣ አልፎ አልፎም «ያግባት» ይባላል። መታወቅ ያለበት፣ አስገድዶ መድፈር በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል አይደለም። ተጎጂዋ ብትታረቅም ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን የመቀጠል ሥልጣን አለው፤ ማንኛውም ያወቀ ሰውም ሊያመለክት ይችላል። ጠልፎ ያገባ ከቅጣት ያመልጥበት የነበረውን የድሮ ድንጋጌም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አስቀርቶታል። ይሁንና በወረቀት ላይ ያለው ሥልጣንና ችሎት ላይ የሚሆነው ለየቅል ነው። እሷ ቀርባ ካልመሰከረች ዐቃቤ ሕጉ የሚያቀርበው ይሳሳል፣ ተከሳሹም መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይሰናበታል። ሽማግሌው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። እሷ ያልቀረበችበት ቀጠሮ ለእሱ ከእርቅ አያንስም።

የዋስትና ጉዳይም አለ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ፖሊስ ምርመራ ካልጨረሰ እስከ 14 ቀን የሚደርስ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። የዋስትና ጥያቄ ሲነሣ ዳኛው ከሚመዝናቸው ነገሮች አንዱ ተጠርጣሪው ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ የሽማግሌው ጉብኝት፣ የወንድሙ ስልክ፣ «እናገኝሻለን» የሚለው መልእክት ሁሉ ቀኑ ተጽፎ በዚያው ዕለት ለመርማሪው ይድረስ። ዋስትናው ከተፈቀደ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ዘግይቷል። ዛቻው ከባድ ከሆነ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 አለ፤ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጡ ወንጀሎች ለሚመሰክሩ ሰዎች የሚሆን ነው፣ ይህም ወንጀል በዚያ ውስጥ ይወድቃል። ጥያቄው በዐቃቤ ሕጉ በኩል ይቀርባል።

ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የተጠርጣሪውን ፎቶ መለጠፍን በተመለከተ አስተያየታችን ግልጽ ነው፤ መዝገቡ ክስ እስኪሆን ይቆይ። ተጠርጣሪው ይሰወራል፣ የስም ማጥፋት አቤቱታ ይዞ ይመጣል፣ የእሷም ማንነት ይወጣል። ሌላ ምንም በር ሳይከፈት ሲቀር ጩኸት ዋጋ እንዳለው አንክድም፤ የመጀመሪያ እርምጃ ሲሆን ግን ይጎዳል።

እርግዝና ከተገኘ

በመደፈር የመጣን እርግዝና ማቋረጥ በሕጉ አያስቀጣም፤ አንቀጽ 551 ይፈቅደዋል። አንቀጽ 552 ደግሞ እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከዘመድ መሆኑን ለማስረዳት የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ነው ይላል። የፖሊስ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የተከሳሽ መያዝ አይጠየቅም። «መጀመሪያ ክስ ይመሥረት» የሚል ባለሙያ ካጋጠመ ተሳስቷል፤ ወደ ሌላ ጤና ተቋም መሄድ ነው፣ ሳምንታት እየቆጠሩ ከእሱ ጋር መከራከር አያስፈልግም።

ማደሪያና ጠበቃ

ወደ ቤቷ መመለስ የማትችል ሴት አለች፤ ያደረገው ሰው እዚያው ይኖራል። ማሪያ ሙኒር የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አዲስ አበባ ውስጥ መጠለያ አለው። አድራሻው ለደኅንነት ሲባል አይነገርም፣ ታክሲ ይዞ በር ላይ መድረስ አይቻልም። የሚገባው በፖሊስ፣ በአንድ ማዕከሉ ወይም በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሪፈር ነው። ስለዚህ ሆስፒታል ውስጥ እያለች «ማደሪያ የለኝም» የሚለው ቃል በግልጽ መነገር አለበት። ሳይነገር ከግቢው ከወጣች ሪፈሩን ለማግኘት እንደገና ከመጀመሪያው በር ትጀምራለች።

ለሕግ ምክር የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ7711 ይገኛል። የሴታዊት ንቅናቄ «አለኝታ» የተባለው መስመር 6388 ነው፤ ማውራት የምትፈልግና ገና ምንም ላልወሰነች ሴት ጥሩ መነሻ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። አጭር ቁጥር አንዳንዴ አይነሣም፣ ኔትወርክ ይቋረጣል፤ ሁለቴ ተሞክሮ ካልሆነ ሰዓቱን ለስልክ መስጠት ሳይሆን ወደ ሆስፒታሉ መነሣት ነው።

ብዙ ሰው «ጠበቃ መያዝ አለብን ወይ?» ይላል። ክሱን የሚመሠርተውና የሚከራከረው ዐቃቤ ሕግ ነው፣ ክፍያ የለውም። የማኅበሩ ጠበቃ የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው፤ መዝገቡ የት እንደደረሰ ለመከታተል፣ ዐቃቤ ሕግ ክስ አልመሠርትም ካለ ለበላይ ዐቃቤ ሕግ አቤቱታ ለመጻፍ፣ ካሳ ለመጠየቅ። እንዲህ ዓይነት ጉዳዮች በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ የሴቶችና ሕፃናት ችሎት ይታያሉ። ችሎቱ ዝግ እንዲሆን መጠየቅ ይቻላል። ሕፃናት ተከሳሹን ሳያዩ በሌላ ክፍል ሆነው በካሜራ ይመሰክራሉ፣ ጥያቄውም በማኅበራዊ ሠራተኛ በኩል ይደርሳቸዋል፤ ስለዚህ «ልጅቷ ፊቱን ስታይ ትፈራለች» ብሎ ክሱን መተው አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚከብደው የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ነው። በደላላ የመጣች ልጅ የአሠሪዋን ሙሉ ስም፣ የሰፈሩን ወረዳ እንኳ ላታውቅ ትችላለች፤ ከቤት ስትወጣ መታወቂያዋም ልብሷም እዚያው ይቀራል። ስትድን ወደ አገሯ ትሄዳለች፣ መጥሪያ የሚያገኛት የለም፣ መዝገቡ በምስክር መጥፋት ይዘጋል። እዚህ ላይ ጎረቤት ብዙ ሊረዳ ይችላል። የቤቱን ቁጥር፣ የደላላውን ስልክ፣ የአሠሪውን የሥራ ቦታ ለመርማሪው ይስጥ። ልጅቷ ወደ ክፍለ ሀገር ከመሄዷ በፊትም ሁልጊዜ የሚሠሩ ሁለት ስልክ ቁጥሮች፣ የእሷ ባይሆኑ የአጎቷ ወይም የቀበሌዋ ሱቅ፣ መዝገቡ ላይ ይጻፉ። የፖሊስ መዝገብ ቁጥሩንም እሷና ሌላ አንድ ሰው ይያዙት፤ ያለዚህ ቁጥር ማንም ቢሮ ምንም አያገኝም።

ስለ ካሳ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። የወንጀሉ ክስ ሲሰማ የግል ተበዳይ እዚያው ችሎት የካሳ ጥያቄ ልታቀርብ ትችላለች። ብዙዎች ይህን ስለማያውቁ ፍርዱ በእስራት ብቻ ያልቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2114 ለተደፈረች ሴት የሕሊና ጉዳት ካሳ ሊሰጥ እንደሚችል ይናገራል፤ አንቀጽ 2116 ግን የሕሊና ካሳን ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ይገድበዋል። ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ ከሆስፒታል ሆስፒታል የዞረችበትን ታክሲ አይሸፍንም። ገደቡ ግን ለሕሊና ጉዳት ብቻ ነው። ለሕክምና፣ ለመድኃኒት፣ ለትራንስፖርት፣ ከሥራ ለቀረችባቸው ቀናት የሚጠየቀው የቁሳዊ ጉዳት ካሳ ጣሪያ የለውም፤ የሚጠየቀው ማስረጃ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ የፋርማሲውም፣ የላብራቶሪውም፣ የታክሲውም ደረሰኝ ከልብሱ በተለየ ሌላ ካኪ ፖስታ ውስጥ ይግባ፤ የአሠሪዋም ደብዳቤ፣ ደሞዟንና የቀረችባቸውን ቀናት የሚገልጸው፣ አብሮ።